ለዚናይዳ ፓቭሎቭና በሐሰት ያነበብኩላቸው ደብዳቤ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከዴን ሃግ በባቡር ሮተርዳም እሄድና ያለብኝን እነግራቸዋለሁ፤ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ በሥራ እያመካኘሁ የገደፍኩትን ጾም። "ሌላስ አለ?" ይሉኛል። "የለም አባቴ" እላለሁ። አለ። እንዳለ እያወቅሁ ነው የለም የምለው፤ ከዚያ የታዘዝኩትን ስግደት ተቀብዬ፣ ቀለል እንዳለው ሰው ባቡሩ ውስጥ እቀመጣለሁ።

ስለዚህ ለእናንተ ልንገር። የማታውቁኝ ስለሆናችሁ ይቀለኝ እንደሆነ እንጃ። እኔ ጽጌ፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ዓይናቸው ደክሞ "አንብቢልኝ" ላሉኝ አሮጊት ደብዳቤያቸውን በሐሰት አነበብኩ። የሌለውን ፈጥሬ አነበብኩ፣ ያለውን ደበቅሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ያንን ዓመት ባሰብኩ ቁጥር ፈገግ ማለቴ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅሁበት፣ ጠዋት ስነሳ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። ኃጢአቱን ልናገር ስል ሳቁ አብሮ ይመጣል። ምን ላድርገው? ሁለቱም የሆኑ ነገሮች ናቸውና ሁለቱንም እንደሆኑት እነግራችኋለሁ።

በወጣትነቴ፣ በደርግ ጊዜ፣ የትምህርት ዕድል ደርሶኝ ሌኒንግራድ የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ተምሬአለሁ። መንግሥት ሲለወጥ አገሬ አልተመለስኩም፤ ዞሬ ዞሬ ሆላንድ ገባሁ። ዲፕሎማዬን እዚህ የሚፈልገው ሰው አላገኘሁም። አምስተርዳም ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ስድስት ዓመት ኖርኩና ዴን ሃግ መጥቼ ቲዩስዞርግ ገባሁ፤ በየቤቱ እየዞርን ደካሞችን የምናጥብበት፣ የምናለብስበት፣ መድኃኒት የምንሰጥበት ሥራ ነው። በሩሲያኛ የሚያናግረኝ ሰው ካጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር።

አንድ ጠዋት አዲስ አድራሻ ሰጡኝ። ላክ ሰፈር፣ ከሆላንድስ ስፖር ጣቢያ አምስት ደቂቃ የእግር መንገድ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ደውዬ ስጠብቅ ከበሩ ጀርባ አንዲት ሴት እምቢ ያላቸውን ቁልፍ በሩሲያኛ ሲሳደቡ ሰማሁ። ወፍራም፣ እስከ ጥግ ድረስ የሚሄድ ድምፅ ነው። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ከቮልጋ ዳር ከተማ የመጣ የቲያትር ቡድን ሌኒንግራድ አሳይቶ ነበር፤ ከጓደኞቼ ጋር ተሰልፌ ገብቼ፣ ቋንቋው ግማሹ ሳይገባኝ አልቅሼ ወጥቻለሁ። በሩ ተከፈተ። ዚናይዳ ፓቭሎቭና ነበሩ፤ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት፣ ነጭ ፀጉራቸውን ጠቅልለው በእርሳስ አስይዘውታል።

በሩሲያኛ "እኔ እርስዎን መድረክ ላይ አይቼዎታለሁ" አልኳቸው።

የጫማው መደርደሪያ ላይ ቁጭ አሉ። "የት ተቀምጠሽ ነበር?" አሉኝ።

"ከላይ፣ መጨረሻው ሰገነት ላይ።"

"እንኳንም። ያን ሰሞን ጥርሴን አሞኝ ጉንጬ አብጦ ነበር። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ሁሉ አፌ ውስጥ ምግብ ያለ መስሏቸዋል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት አምስት ጠዋት እሳቸው ዘንድ ነበርኩ። ፀጉራቸውን ሳበጥር ሕይወታቸውን ያወሩልኛል። እናታቸው የቲያትር ቤቱን አልባሳት የሚተኩሱ ሴት ነበሩና ዚናይዳ ፓቭሎቭና ያደጉት በመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ነው። ሞስኮ ሄደው የተዋንያን ትምህርት ቤት ቢፈተኑ "ድምፅሽ የወንድ ነው" ብለው መለሷቸው። ከተማቸው ተመልሰው፣ መድረኩ ሥር ተቀምጦ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት በሹክሹክታ የሚያስታውስ ሠራተኛ ሆኑ። "የእኔ ሹክሹክታ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሰማ ነበር" ይሉኛል። "ሕዝቡ ተዋናዩን ትቶ እኔን ማዳመጥ ሲጀምር ዳይሬክተሩ ተናዶ ከጉድጓዴ አወጣኝና እዚያው መድረኩ ላይ አቆመኝ።"

ሲኒማ የሠሩት ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው የባቡር ማቋረጫ ጠባቂ ሆነው ተጫወቱ፤ አገር ሁሉ አያቸው፤ ከዚያ በኋላ በባቡር በሄዱ ቁጥር አስተናጋጆቹ ሳይጠየቁ ሻይ ያመጡላቸው ነበር። ሁለተኛው ፊልም አለቆቹን አላስደሰተምና መጋዘን ገባ፤ ከሠሩት ሰዎች በቀር ማንም ሳያየው ቀረ። ፊልም ከዚያ ወዲያ አልጠራቸውም። ሠላሳ ዓመት በቲያትር ኖሩ፤ ወጣቶችንም አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሊዮንያ የሚባለውን ነበር። በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ሄንክ የሚባል የሮተርዳም ሰው፣ የመርከብ መካኒክ፣ መርከቡ እዚያ ለጥገና ቆማ ሳለ አንዲት ቃል ሳይሰማ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሶ አያቸው፤ በአሥራ ሁለተኛው አበባ ይዞ ከመድረክ ጀርባ ገባ። አገቡትና ወደ ሆላንድ መጡ። ባቡር ጣቢያው ላይ ሊዮንያ ሲያለቅስ፣ "ለአሮጊት የሚሆን ሚና ስታገኝ ጥራኝ፤ የትም ብሆን እመጣለሁ" ብለው ቃል ገቡለት።

ሆላንድ ግን ሚና አልሰጠቻቸውም። ደችኛቸው ተሰባብሮ ቀረ። አንድ ጊዜ ብቻ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ሬሳ ሆነው ሁለት ቀን አልጋ ላይ ተኙ። "ሬሳነቱንም አልቻልኩበት" ይሉ ነበር፤ "ትተነፍሺያለሽ ብለው ተቆጡኝ።" ሄንክ ሲሞት ከሮተርዳም ወደዚያች ትንሽ ቤት መጡ።

እኔስ? እኔ ስቸገር ኖሬ ድንገት ጓደኛ አገኘሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ኢትዮጵያውያን ላክ ውስጥ የሰፈሩ አዳራሽ እየተሰበሰብን እንጨዋወት ነበርና አንድ ቀን ይዣቸው ሄድኩ። አማርኛ አይሰሙም፤ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። የዚያን ቀን ወሬው ስለ ቤት ወረፋ ነበር። ሠናይት የምትባል፣ እዚሁ ያደገች፣ ነርስነት የምትማር ወጣት፣ መስኮት ላይ ያለችውን የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ እያስመሰለች ታሳየናለች፤ ከት ብለን እንስቃለን። ዚናይዳ ፓቭሎቭና ተነሡ። ከዘራቸውን እየመቱ መጥተው ሠናይትን በትከሻዋ ያዟትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ንገሪያት። እጇ ጥሩ ነው፣ ጀርባዋ ግን ይዋሻል። እንደገና ታድርገው።"

ተውኔታችን እንዲህ ተጀመረ። ታሪኩ ከራሳችን ሕይወት የተለቀመ ነው፤ ሦስት ሴቶች ቢሮ ውስጥ ወረፋ ይጠብቃሉ፣ መስኮቱ አይከፈትም። ሠራተኛውን የተጫወቱት አቶ ተስፋልደት ነበሩ፤ ከሮተርዳም ወደብ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ፣ አማርኛን ልጅ ሆነው አስመራ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ለልምምድ እንኳ ክራቫት አስረው የሚመጡ ሰው። ዚናይዳ ፓቭሎቭና ራሳቸው ወረፋው ላይ ከመቆየታቸው ብዛት የመጡበትን ጉዳይ የረሱ አሮጊት ሆኑ። እሳቸው በሩሲያኛ ያዛሉ፣ እኔ በአማርኛ አስተላልፋለሁ። "ይህች ምክትሌ ናት" አሉ በሰው ፊት። ምክትል። እኔ፣ የሰው አንሶላ ስቀይር ሃያ ዓመት የኖርኩት። ሰዎች መንገድ ላይ "ጽጌ፣ ነገ ልምምድ አለ ወይ?" ማለት ጀመሩ። ብስክሌቴ ላይ ሆኜ የማዜም ሴት ሆንኩ።

ተውኔቷ ልትታይ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ደብዳቤው መጣ።

ጠዋት ነው። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠናል። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ስለነበረ የቀዶ ሕክምና ቀን ተቆርጦላቸው ይጠባበቃሉ፤ ፊት ይለያሉ እንጂ ጽሑፍ አይታያቸውም። ፖስታውን ሰጡኝ። የላኪውን ስም ሳነብላቸው "ሊዮንያ?" ብለው ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

መጀመሪያ በልቤ አነበብኩት። "ቃል የገቡልኝን ያስታውሳሉ? ለአሮጊት የሚሆን ሚና ፈልጌ ፈልጌ ስላጣሁ ራሴ ጻፍኩት። ዋናዋ ሰው እርስዎ ነዎት። ልምምድ በሚቀጥለው ወር ይጀመራል። ማረፊያም ሐኪምም አዘጋጅቻለሁ። የቀድሞው ስልክዎ አይሠራም። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ካልመጣልኝ እንደማይፈልጉ እቆጥረዋለሁ፤ ለምን ብዬም አላስቸግርዎትም።"

"ምን ይላል?" አሉኝ።

እዚህ ላይ ቆሜ ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄአለሁ። ያ ዝምታ ምን ያህል ነበር? አንድ ትንፋሽ? ሁለት? በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ምን አሰብኩ? ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ የቮልጋ ክረምት ይጎዳቸዋል አልኩ? አላልኩም። ያንን ያልኩት ኋላ ነው፣ ለራሴ ማመካኛ ስፈልግ። በዚያች ሰዓት ያየሁት አንድ ነገር ነው፦ ቅዳሜ ይመጣል፣ አዳራሹ ይከፈታል፣ እሳቸው የሉም፣ እኔም እንደገና ማንም አይደለሁም። እኔ ስለ እኔ ነው ያሰብኩት። ስለ እኔ ብቻ።

አፌን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። "ውድ ዚናይዳ ፓቭሎቭና፣ ሁላችንም ደኅና ነን። የቲያትር ቤታችን ጣራ ታድሷል። አልባሳት ክፍሉ ውስጥ አንዲት ድመት አራት ልጆች ወልዳለች፤ የንግሥቲቱን ካባ አልለቅም ብላለች..."

ድመት ፈጠርኩ። ከየት እንደመጣችልኝ አላውቅም። ዚናይዳ ፓቭሎቭና ሳቁ፤ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ ስዋሽ እሳቸው ይስቃሉ፣ ሲስቁ እኔ እጨምራለሁ። አንዷ ግልገል አንድ ዓይኗ ሰማያዊ ነው አልኩ።

ከሳቁ በኋላ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ "ስለ ሚና ምንም አይልም?" አሉኝ።

በር ተከፍቶልኝ ነበር። መመለስ እችል ነበር። "ቆይ፣ ከበስተጀርባው አለ" ማለት እችል ነበር።

"አይልም" አልኳቸው።

በዚያው ቀን መልስ አስጻፉኝ። ስለ ጣራው ደስ እንዳላቸው፣ ሰማያዊ ዓይን ያላትን ግልገል በእሳቸው ስም እንዲጠሯት፣ ቃላቸውን እንዳልረሱ። "ቃሌ እንዳለ ነው" የሚለውን በራሴ እጅ ጻፍኩት። ፖስታ ቤት አልወሰድኩትም። ሁለቱንም ደብዳቤ ቀዳድጄ ጣቢያው አጠገብ ያለ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩና ትራም ተሳፈርኩ። ልምምድ ነበረን።

አሁን ደግሞ ደስታውን ልንገራችሁ፤ እሱን ብተው እንደገና በሐሰት ማንበብ ይሆንብኛል።

መጀመሪያ ላክ ውስጥ ተውኔታችንን አሳየን፤ ሰው ሞልቶ በሩ ላይ ቆመ። ዚናይዳ ፓቭሎቭና የአማርኛ ቃላቸውን ያጠኑት ከሠናይት ነበር። ሠናይት እዚህ አገር ያደገች ናትና ታላቅ ታናሽ ሳትል ሁሉንም "አንተ" ነው የምትለው። እኔ በጉዳይ ተወጥሬ አላረምኩትም። እናም አሮጊቷ ወደ መስኮቱ ተጠግተው፣ ክራቫት ያሰሩትን አቶ ተስፋልደትን በዚያ ወፍራም ድምፅ "ስማ አንተ፣ ቁጥሬ ስንት ነው?" አሏቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ተስፋልደት ከሚናቸው ወጥተው "እመቤቴ፣ እርስዎ ይበሉኝ እንጂ" አሉ። ዚናይዳ ፓቭሎቭና አንዲቱም አልገባቸውም፤ ግን ሕዝቡ መሳቁን አይተው "ስማ አንተ" ብለው ደገሙት፤ ይባስ ብለው በከዘራቸው መስኮቱን መቱት። ከዚያ ወዲያ ያንን ቃል እናስተካክል ብንል ዚናይዳ ፓቭሎቭና እምቢ አሉ።

ከዚያ ሮተርዳም ጠሩን፤ ከዚያ አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት የሚባለው ሰፈር። እዚያ ስናሳይ አንዲት እናት ከመቀመጫዋ ተነሥታ መድረኩ ላይ ላሉት ሴቶች የራሷን የወረፋ ታሪክ መንገር ጀመረች፤ ዚናይዳ ፓቭሎቭናም ጨዋታውን አቁመው ቦታ ለቀቁላትና አጠገቧ ቆመው አዳመጡ፤ ስትጨርስ እጇን ይዘው ከእሷ ጋር እጅ ነሡ። በባቡር ስንመለስ ሠናይት ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ "ታንተ ጽጌ፣ ኢት ዋስ ኸዌልዲኽ" አለችኝ፤ አክስቴ ጽጌ፣ ግሩም ነበር ማለቷ ነው። አቶ ተስፋልደት ለዚናይዳ ፓቭሎቭና ብርቱካን እየላጡ ይሰጣሉ። እሳቸው በሩሲያኛ፣ አቶ ተስፋልደት በአማርኛ ያወራሉ፤ ማንም አላስተረጎመላቸውም፤ እነሱም አልጠየቁም። እኔ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በዚያው ዓመት ዓይናቸው ታከመ፤ ማንበብ ቻሉ። አንድ ጠዋት ሠናይት ታብሌቷን ይዛ መጥታ የቀድሞ ቲያትር ቤታቸውን ፈልጋ አሳየቻቸው። ጣራው ያው አሮጌው ጣራ ነው። ከሥሩ የአዲስ ተውኔት ማስታወቂያ አለ፤ ድርሰትና ዝግጅት የሊዮንያ፣ ሥዕሉ ላይ አንዲት አሮጊት። ዚናይዳ ፓቭሎቭና ለጣራው ልብ አላሉም፤ ማስታወቂያውን ደጋግመው አነበቡት። እኔ ፎጣ ይዤ ኋላቸው ቆሜአለሁ።

"ሚናዋ በእኔ ዕድሜ ናት" አሉ። ታብሌቱን ገፋ አድርገው፣ "ሊዮንያ ረስቶኛል።"

"ለምን አትጽፊለትም?" አለቻቸው ሠናይት። እኔ ተረጎምኩት። ምን ምርጫ ነበረኝ?

"ሚና ለምኜ አላውቅም" አሉ።

ያን ጊዜም ዝም አልኩ። ሁለት ቀን አልተናገሩም፤ ፀጉራቸውን ሳበጥር ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። በሦስተኛው ቀን ስገባ ወረቀት ዘርግተው ሲጽፉ አገኘኋቸው። "መስኮቱ ቢከፈትስ? ሁለተኛ ክፍል ያስፈልገናል" አሉኝ። ሠራነው። ከዚያም ሌላ ሠራን፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ። በሰማንያ አራት ዓመታቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ እጄን ይዘው "ጽጌ፣ የላክ ዓመታቴ ከሁሉ ይበልጣሉ" አሉኝ። እዚያው ሞቱ።

ይህንን ቃል ይዤ ስንት ቀን ተጽናናሁ! ይበልጣሉ ብለዋል፣ ደስ ብሏቸው ነበር፣ ስለዚህ ምን አጠፋሁ? ግን ከምን ይበልጣሉ? ሌላኛውን መንገድ ያየሁት እኔ ነኝ፣ እሳቸው አላዩትም። ሁለቱ ፊታቸው ቀርበውላቸው ላክን ቢመርጡ ኖሮ ቃላቸው ለእኔ ይሆን ነበር። ሳይመርጡ ነው ያመሰገኑኝ። እኔ በእሳቸው ፈንታ መረጥኩ፤ ምስጋናውንም እኔ ተቀበልኩ።

ለቀብራቸው ሊዮንያ መጣ። ሠናይት በኢንተርኔት አስታውቃው ኖሮ በአውሮፕላን ደረሰ፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቀጭን ሰው። ከመቃብሩ ስንመለስ ሩሲያኛ የሚችል ሲፈልግ ወደ እኔ መሩት። ጎን ለጎን ሄድን።

"አንድ ጊዜ ጽፌላቸው ነበር" አለኝ። "የሕይወቴን ሥራ። አልመለሱልኝም። ምን እንዳስቀየምኳቸው ነግረውሽ ያውቃሉ?"

"ሁልጊዜ ይኮሩብህ ነበር" አልኩት። እውነት ነው። እውነቷን ከፊቴ አቁሜ ከኋላዋ ተደበቅሁ። ራሱን ነቀነቀ፤ ጉሮሮው ላይ ሻርፑን አጠበቀ፤ ወደ ጣቢያው ሄደ። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው፣ ያ ሰው አስተማሪው ንቀውት እንደሞቱ እያሰበ ይኖራል። እሳቸውም ተማሪያቸው እንደረሳቸው እያሰቡ ሞቱ። ሁለቱም ቃላቸውን የጠበቁ ሰዎች ነበሩ። መካከላቸው የቆምኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ጻፍኩለት። አራት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ምክንያት እየገባብኝ ነው፤ ስለ ስደት፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ቮልጋ ክረምት። በአምስተኛው ምክንያት የሚባል አልጻፍኩም። ደብዳቤህ ደርሷል፣ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፣ በሐሰት አነበብኩት፣ "ቃሌ እንዳለ ነው" ብለው አስጽፈውኝ ነበር፣ እሱንም ቀደድኩት አልኩት። በፖስታ ልኬዋለሁ። መልስ አልመጣም፤ ላይመጣም ይችላል።

ዚናይዳ ፓቭሎቭናን ይቅርታ ልጠይቅ ብል የሚሰሙኝ አይደሉም። ሊዮንያን ጠይቄዋለሁ፤ መስጠትም መከልከልም የእሱ ነው። እናንተን ግን አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ "ለካ በጎ ነገር ወጥቶበታል" ብላችሁ አታቅልሉልኝ። ያ ደስታ አልነበረም ብል እዋሻለሁ፤ ነበር። አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ፣ ባቡሩ ውስጥ ብርቱካን ሲላጥ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ያለኝ ለሌላ ሴት የተጻፈውን ሚና ነጥቄ ነው፤ ያቺም ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።